ያልተሠራው ፋብሪካና የ11 ቢሊዮን ዶላሩ ወረቀት

እስቲ ቀረብ በሉ፤ ዛሬ የማወጋችሁ የሙግት ወግ ነው። ሙግት ስላችሁ ግን ችሎት፣ ሬጅስትራርና የቀጠሮ ወረቀት እንዳይመጣባችሁ። ይኼኛው ሙግት የታየው ባለጉዳይ ያልሆነ ሰው በማይገባበት፣ ጋዜጠኛም ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ በማይቀመጥበት ዝግ ክፍል ነው። የተፈረደው ገንዘብ ግን የአንድ አገር ሕዝብ ገንዘብ ነበር። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ፤ ወደ አገራችን ስገባ አስታውሳችኋለሁ።

ጊዜው ጥር 2010 ነው። የናይጄሪያ የነዳጅ ሀብት ሚኒስቴር ፒ ኤንድ አይ ዲ ከሚባል ኩባንያ ጋር የ20 ዓመት ውል ተፈራረመ። ኩባንያው የተመዘገበው በብሪቲሽ ቨርጂን ደሴቶች ነው። መሥራቾቹ ሁለት አየርላንዳውያን ናቸው፤ ማይክል ክዊንና ብሬንዳን ካሂል። ሐሳቡ ሲሰሙት ያምራል። ናይጄሪያ ነዳጅ ስታወጣ አብሮ የሚወጣውን ጋዝ ለዘመናት እንዲሁ ሜዳ ላይ ስታቃጥለው ኖራለች። አሁን መንግሥት ጋዙን በቧንቧ ያመጣል፤ ኩባንያው ካላባር በምትባለው የወደብ ከተማ ፋብሪካ ተክሎ ያጣራዋል፤ የተጣራው ጋዝ ለመብራት ማመንጫ እንዲሆን ያለ ክፍያ ለመንግሥት ይመለሳል፤ ከውስጡ የሚለየውን ፕሮፔንና ቡቴን ደግሞ ኩባንያው ወስዶ ይሸጣል። ሁሉም የድርሻውን ያገኛል ተባለ።

መንግሥት ቧንቧውን አልዘረጋም። ኩባንያውም ፋብሪካውን አልሠራም። ካላባር ላይ ለዚህ ሥራ መሠረት እንኳ አልተቆፈረም። በእኛ ቋንቋ ነገሩ እዚያው ቀርቷል፣ ሞቷል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ውሉ ውስጥ አንዲት አንቀጽ ነበረች። ክርክር ከተነሳ ጉዳዩ በናይጄሪያ ሕግ ይታይ፣ ሦስት የግልግል ዳኞች ይቀመጡ፣ ቦታው ለንደን ይሁን ትላለች። በ2012 ኩባንያው ይህቺን አንቀጽ መዘዛት።

ሊቀመንበሩ በእንግሊዝ የዳኝነት መሰላል የመጨረሻው እርከን ላይ የነበሩት ሎርድ ሆፍማን ነበሩ። ከሁለቱ አባላት አንዱ አንጋፋ እንግሊዛዊ ዳኛ፣ ሌላው የናይጄሪያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የነበሩ ሰው። እነዚህ ሰዎች ተራ ሰዎች አይደሉም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። በጥር 2017 በድምፅ ብልጫ ውሳኔ ሰጡ፦ ናይጄሪያ ውሉን አፍርሳለችና ኩባንያው በ20 ዓመት ያገኝ የነበረውን ትርፍ ትክፈል፤ 6.6 ቢሊዮን ዶላር፣ ከመጋቢት 2013 ጀምሮ ከሚታሰብ 7 በመቶ ወለድ ጋር። ወለዱን ብቻ ብታሰሉት በቀን ከ1.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይሆናል። እያደረ እያበጠ በ2023 ጠቅላላው ከ11 ቢሊዮን ዶላር አለፈ።

አንድ ጡብ ያላኖረ ኩባንያ አገርን የሚያህል ዕዳ ከየት አመጣ? ሦስት ሰዎች፣ ማንም ሕዝብ ያልመረጣቸው፣ የየትኛውም መንግሥት ደመወዝተኛ ያልሆኑ፣ ይህን ሥልጣን ማን ሰጣቸው? ይህን ለመመለስ ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ፤ ታገሱኝ።

ነጋዴ ከጥንትም የመንግሥት ችሎት አይወድም። ቀጠሮው ይረዝማል፣ ጎረቤት ይሰማበታል፣ ዳኛው ስለ ቡናና ስለ ጥጥ ደረጃ የሚያውቀው ነገር የለም። ንግዱ ድንበር ሲሻገር ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል፦ የጀርመኑ ነጋዴ በብራዚል ፍርድ ቤት መዳኘት አይፈልግም፣ የብራዚሉም በጀርመን። እንግዲያስ ለሁለታችንም ባዕድ የሆነ ቦታ፣ ሁለታችንም የምናምናቸው ሰዎች ይፍረዱን ይባባላሉ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ ማግስት፣ በ1919፣ ነጋዴዎች ዓለም አቀፉን የንግድ ምክር ቤት መሠረቱ፤ በ1923 ምክር ቤቱ ፓሪስ ላይ የራሱን የግልግል ፍርድ ቤት አቋቋመ። ስሙ ፍርድ ቤት ይባል እንጂ ራሱ አይፈርድም። ዳኞቹን ያጸድቃል፣ ሂደቱን ይቆጣጠራል፣ የውሳኔውን ረቂቅ ይመረምራል።

ዳኞች ማግኘቱ ቀላል ነበር። ከባዱ ማስፈጸሙ ነው። የተፈረደበት ሰው ‘አልከፍልም’ ቢልስ? በ1927 ጄኔቫ ላይ የተደረገው ስምምነት መልስ ለመስጠት ሞከረ፤ አሠራሩ ግን አድካሚ ነበር። የረታው ወገን መጀመሪያ ዳኝነቱ በተሰጠበት አገር ውሳኔው የመጨረሻ መሆኑን ያስመሰክራል፤ ከዚያ ንብረቱ ወዳለበት አገር ሄዶ እንደገና ፍርድ ቤት ይቆማል። ከችሎት ሽሽት የመጣው ነጋዴ ሁለት ችሎት ተሸለመ።

አሁን የማስተዋውቃችሁን ሰው እኔ በጣም እወደዋለሁ። ፒተር ሳንደርስ ይባላል፣ ሆላንዳዊ የሕግ ፕሮፌሰር። በግንቦት 1958 የ45 አገሮች መልእክተኞች ኒው ዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ተሰብስበው በአዲስ ረቂቅ ላይ ሲነታረኩ ሳንደርስ የአገሩ ልዑክ ነበር። የሳምንቱ መጨረሻ ሲደርስ ከኒው ዮርክ ብዙም ወደማይርቀው የአማቱ ቤት ሄደ። ሌላ ሰው ቢሆን ያርፋል። እሱ የእጅ ታይፕራይተሩን አትክልት ቦታው ውስጥ አስቀምጦ ረቂቁን እንደ አዲስ መተየብ ያዘ። ሰኞ ይዞት የመጣው የሆላንድ ሐሳብ ተባለ፤ ሰኔ 10 ቀን ለጸደቀው የኒው ዮርክ ስምምነትም መሠረት ሆነ።

ምን ለወጠ ብትሉኝ፣ ሸክሙን ገለበጠው። ከእንግዲህ የረታው ሰው ውሳኔውንና የግልግል ስምምነቱን ይዞ ብቅ ይበል፤ ‘አይፈጸም’ የሚለው የተረታው ወገን ያስረዳ። ማስረዳት የሚችልባቸው ምክንያቶችም ተቆጥረው ተቀመጡ፦ ስምምነቱ ዋጋ የለውም፣ የመከራከር ዕድል አላገኘሁም፣ ዳኞቹ ከሥልጣናቸው አልፈዋል፣ የአገሩን መሠረታዊ ሥርዓት ይጻረራል፣ እነዚህንና ጥቂት መሰሎቻቸውን። ‘ዳኞቹ ፍሬ ነገሩን ተሳስተዋል’ የሚለው ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሆን ተብሎ ነው የተተወው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይል የለ ያገሬ ሰው? የሳንደርስ ወረቀት የያዘውን ሳይለቅ ድንበር መሻገር ጀመረ። ዛሬ ከ170 በላይ አገሮች የስምምነቱ አባላት ናቸው። የአንድ አገር ፍርድ ቤት የሰጠው ፍርድ ጎረቤት አገር እንኳ ላይቀበለው ይችላል፤ የሦስት ግለሰቦች ውሳኔ ግን የባለዕዳው የባንክ ሒሳብ፣ መርከብ ወይም ሕንፃ ወዳለበት አገር ሁሉ ይከተለዋል። ለንደን፣ ፓሪስ፣ ጄኔቫ፣ ሲንጋፖር፣ ሆንግ ኮንግ የዚህ ሥራ ገበያ የሆኑት በዚሁ ወረቀት ጉልበት ነው።

ይህን ስል ታሪኩ የብልሆች ሥራ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ነገርን ነገር ያነሳዋልና ከኒው ዮርኩ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ የሆነውን አንዱን ላውጋችሁ። የአቡ ዳቢው ሼክ በ1939 ለአንድ የነዳጅ ኩባንያ የፍለጋ ፈቃድ ሰጥተው ነበር። ኋላ ከባሕሩ ሥር ያለውስ የማን ነው የሚል ጠብ ተነሳ። በነሐሴ 1951 እንግሊዛዊው ሎርድ አስኩዊዝ ፓሪስ ላይ ነገሩን ሰሙ። ውሉ የተፈረመው አቡ ዳቢ፣ ሥራውም እዚያው፤ እንግዲህ የሚሠራው ሕግ የአቡ ዳቢ ነው ማለት ነው። ሎርዱ ግን እንዲህ ባለ ኋላ ቀር ምድር የዘመናዊ ንግድ ውልን የሚተረጉም የጸና ሕግ አለ ማለት ቅዠት ነው በሚል መንፈስ ጽፈው፣ የሠለጠኑ አገሮች የሚጋሩትን መርሕ እንጠቀም አሉ፤ መርሑን ፈልገው ያገኙት ደግሞ የእንግሊዝ ሕግ ውስጥ። ሼኩ በዋናው ነጥብ ረቱ፤ ከግዛት ባሕሩ ወዲያ ያለው የባሕር ወለል በውሉ አልተሰጠም ተባለላቸው። ሆኖም ስድቡ ከፍርዱ የበለጠ ዕድሜ አገኘ። የአረብ ሕግ ዐዋቂዎች እስከዛሬ ይጠቅሱታል። ሳዑዲ ዐረቢያም አራምኮ ከሚባለው ኩባንያ ጋር ተከራክራ በ1958 ከተረታች በኋላ፣ በ1963 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቿ ያለ ልዩ ፈቃድ በግልግል እንዳይዳኙ ከለከለች።

ጊዜ ግን ቀልድ ያውቃል። ዛሬ ዱባይም አቡ ዳቢም የግልግል ዳኝነት ማእከል ከፍተው የዓለምን ባለጉዳይ ይጠራሉ። አቡ ዳቢ ውስጥ አል ማርያህ በምትባል ደሴት ላይ ደግሞ ከ2015 ጀምሮ ለንግድ ጉዳይ የሚሠራው ሕግ ምን መሰላችሁ? የእንግሊዝ ኮመን ሎው፤ እንዳለ፣ ማንም ሳይጭንባት፣ በራሷ አዋጅ።

ወደ ናይጄሪያ ልመልሳችሁ። ናይጄሪያ ስትከራከር ‘የዳኝነቱ መቀመጫ ናይጄሪያ ነው፤ ለንደን መሰብሰቢያ ብቻ ነው’ ትል ነበር። አገሯ ያለ ፍርድ ቤትም ከካሳው በፊት ስለ ጥፋቱ የተሰጠውን ውሳኔ ሽሮላት ነበር። የግልግል ዳኞቹ ‘አይደለም፣ መቀመጫው ለንደን ነው’ አሉ፤ በ2019 የእንግሊዝ ፍርድ ቤትም ይህንኑ አጽንቶ ውሳኔው እንዲፈጸም ፈቀደ። ናይጄሪያ ያኔ ያለቀሰችበት ይህ ነጥብ ኋላ እንዴት እንዳወጣት ታያላችሁ።

የእንግሊዝ ሕግ ውሳኔውን መቃወም ለሚፈልግ የሚሰጠው 28 ቀን ነው። ናይጄሪያ የመጣችው የመጨረሻው ውሳኔ ከተሰጠ ወደ ሦስት ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች በኩል የባንክ ዝውውር ሰነዶችን አስወጣች፤ ሰነዶቹን ይዛ ‘ይህ ውል በጉቦ የተገኘ ነው’ አለች። በመስከረም 2020 ቀኑ ቢያልፍም ትሰማ ተባለ። ከዚያ በ2023 መጀመሪያ ስምንት ሳምንት የፈጀ ክርክር ተሰማ፤ አሁን ግን በግልጽ ችሎት፣ ጋዜጠኛ ባለበት።

ጥቅምት 23 ቀን 2023 ዳኛ ሮቢን ኖውልስ ውሳኔውን አነበቡ። ሦስት ነገር አገኘሁ አሉ። አንደኛው የምስክርነት ቃል ነው፤ ክዊን ውሉ እንዴት እንደተገኘ ለግልግል ዳኞቹ በጽሑፍ ሲተርክ ጉቦውን ዘሎ እውነት ያልሆነ ታሪክ ሰጥቷል። ሁለተኛው በውሉ ላይ ለሠሩት የነዳጅ ሚኒስቴሩ የሕግ ዳይሬክተር ለግሬስ ታይጋ የሄደው ገንዘብ ነው፤ ክፍያው ከውሉ በኋላም፣ ዳኝነቱ እየተካሄደም አልቆመም፣ አፋቸውን እንዲይዙ። ሦስተኛው ሲነበብ ፀጉር ያቆማል። ኩባንያው የናይጄሪያ መንግሥት ከጠበቆቹ ጋር የሚማከርባቸውን የውስጥ ሰነዶች አግኝቶ ይዞ ነበር። ባላጋራህ ምን እንደሚያስብ፣ የቱ ጋ እንደሚፈራ፣ በስንት ሊደራደር እንደሚችል በራሱ ወረቀት እያነበብክ ትከራከራለህ ማለት ነው። ውሳኔው ቢጸና ደግሞ ከኩባንያው ወገን ለነበሩ ሁለት የሕግ ሰዎች ሊደርሳቸው ይችል የነበረው ለአንዱ እስከ 3 ቢሊዮን፣ ለሌላው እስከ 850 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ዳኛው ይህን በስም ጠርተው ጻፉት።

የ11 ቢሊዮኑ ወረቀት ተሻረ። የሻረውም የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ነው፤ ናይጄሪያ አጥብቃ ስትቃወመው የነበረው መቀመጫ። ውሳኔን ከሥሩ የመሻር ሥልጣን ያለው የመቀመጫው አገር ፍርድ ቤት ነውና።

ኩባንያው የናይጄሪያን የክርክር ወጪ፣ ከ40 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ፣ እንዲከፍል ሲታዘዝ ‘በናይጄሪያ ገንዘብ፣ በናይራ ልክፈል’ ብሎ ተሟገተ። ናይራ በመሃሉ እጅግ ወድቆ ነበርና። እስከ እንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ2025 ተረታ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌባ መኖሩ አይደለም፤ ሌባ የትም አለ። እነዚያን ሦስት ዳኞች ማንም ጉቦ በላችሁ አላላቸውም። በፊታቸው የቀረበውን አዩ፣ በቀረበው ላይ ፈረዱ። የናይጄሪያ ወገን መከላከያ ደካማ ነበር፤ ባለሙያ ምስክር በሚገባ ተሰናድቶ አልቀረበም፤ የኩባንያው ቃል ሳይፈተን አለፈ። ሁለት ነጋዴዎች ቢሆኑ ‘ራሱ ያውቃል፣ ጠበቃውን ይምረጥ’ ብለን እንተወዋለን። የሚከፍለው ግን በክፍሉ ውስጥ ያልነበረ፣ ምን እንደተባለም የማይሰማ ሕዝብ ነው። ምስጢርነት ለነጋዴ ጋሻው ነው፤ በሕዝብ ገንዘብ ላይ ሲውል ግን የሚከልለው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ዳኛ ኖውልስም ፍርዳቸውን ሲዘጉ ያነሱት ይኸንኑ ነው፦ መንግሥት ባለበት፣ ገንዘቡም ይህን በሚያህልበት ጊዜ ዝግ ክፍሉና ዝም ብሎ የሚያዳምጠው ዳኛ በቂ ናቸው ወይ?

ስለ ወደፊቱ ሲወራ አብዛኛው ሰው የሚያነሳው ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ነው። የአሜሪካ ግልግል ማኅበር በ2025 በሰነድ ብቻ ለሚወሰኑ የግንባታ ክርክሮች የውሳኔ ረቂቅ የሚያዘጋጅ ማሽን ማቅረቡን አስታውቋል፤ የሚያጸድቀው ሰው ነው። ለሲሚንቶና ለብረት ሒሳብ እሰየው። የግሬስ ታይጋን የባንክ ዝውውር ግን ማን ያገኘዋል? ሰው ዳኛም ማሽንም የሚያነበው የተሰጠውን ነው፤ ያ ሰነድ ደግሞ በዳኞቹ ፊት ጭራሽ አልነበረም።

አሁን ወደ አገራችን ገባሁ። ከዚህ ወዲያ ዓመተ ምሕረቱ የእኛው ነው። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ራሳቸው በግልግል ዳኝነት ዓለም ስም ያላቸው ሊቅ ስለነበሩ፣ ሕጉ ገና በጠዋቱ ስለ ጉዳዩ ከቁጥር 3325 ጀምሮ ሃያ ያህል አንቀጾች ይዞ ተወልዷል። ይሁን እንጂ የኒው ዮርኩን ስምምነት ለመቀላቀል ስልሳ ዓመት ቆይተናል። በዚያ መሃል የራሳችን ሙግት መጣ። የጅቡቲ ኢትዮጵያን አሮጌ የባቡር ሐዲድ ለማደስ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ውል ከወሰደው ኮንስታ ከተባለ የጣሊያኖች ማኅበር ጋር ውሉ ፈረሰ፤ በሄጉ ቋሚ የግልግል ፍርድ ቤት አስተናጋጅነት በታየው ክርክር በ2008 ወደ 20 ሚሊዮን ዩሮ ለማኅበሩ ተፈረደ። በግንቦት 2010 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 128086 ውሳኔው መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለበት ብሎ ሻረው።

ችሎቱ ድንገት የፈጠረው ሥልጣን አልነበረም። ቀደም ሲል በመዝገብ ቁጥር 42239፣ በሁለት የአገር ውስጥ ኩባንያዎች ጠብ፣ ተዋዋዮቹ ‘ውሳኔው የመጨረሻ ይሁን’ ብለው ቢጽፉም ሰበር ሊያየው ይችላል ብሎ ነበር። ውጭ ያሉ ጠበቆች ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ግን ነገሩን ከካላባር ጋር አስተያይቼ ሳየው ለመፍረድ ይከብደኛል። የውሳኔን ፍሬ ነገር እንደገና የሚያይ ፍርድ ቤት ያለበትን አገር ነጋዴ ይሸሻል፤ እውነት ነው። ምንም የማያይ ፍርድ ቤት ቢኖር ደግሞ ናይጄሪያ ዛሬ ትከፍል ነበር።

መካከለኛው መንገድ በአዋጅ መጣ። በ2012 በአዋጅ ቁጥር 1184 የኒው ዮርኩን ስምምነት ተቀበልን። በ2013 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1237 ደግሞ መሠረታዊ የሕግ ስህተት ካለ ሰበር ይቻላል፣ ተዋዋዮቹ በስምምነት ካስቀሩት ግን አይቻልም አለ። ስለዚህ ዛሬ የውጭ ኩባንያ ጠበቃ ረቂቅ ውል ይዞ ሲመጣ አንዲት መስመር ትኖራለች፦ ሰበር አንሄድም። የኛ ወገን ነገረ ፈጅ እዚያች መስመር ላይ እስክሪብቶውን ያቁም፣ ዋጋ ይጠይቅባት። የአስተዳደር ውል በሕግ ካልተፈቀደ በግልግል አይታይም የሚል አንቀጽም አለ፤ የኢንቨስትመንት አዋጁ ደግሞ መንግሥት ከውጭ ባለሀብት ጋር በግልግል ለመዳኘት የሚስማማበትን በር ከፍቶታል።

ወደ ኒው ዮርኩ ስምምነት ስንገባም ሦስት ነገር አስይዘን ነው። አንደኛውና ለኔ ትልቁ፣ ስምምነቱ ከገባንበት ቀን በኋላ ለተደረጉ የግልግል ስምምነቶችና ለተሰጡ ውሳኔዎች ብቻ ይሠራል የሚለው ነው። ከዚያ በፊት በተፈረሙት የመንገድ፣ የስኳር ፋብሪካና የባቡር ውሎች ላይ የሚሰጡ ውሳኔዎች በዚህ ስምምነት አማካይነት አዲስ አበባ ላይ አይፈጸሙም ማለት ነው። ይህን ሰምታችሁ እፎይ እንዳትሉ። የመንግሥት ንብረት በብዙ አገር ሕግ ከለላ አለው፤ ለንግድ የሚውለው ንብረት ግን ከለላው ይሳሳል። ወረቀቱን የያዘ ሰው ደግሞ አዲስ አበባ የመምጣት ግዴታ የለበትም፤ የባንክ ሒሳባችን ወይም የጭነት መርከባችን ባለበት አገር ችሎት ያመለክታል።